ከቆጠራ እስከ ጉባኤ፦ ዝም ያለ ተማሪን ስለ ማናገር

በክፍል ውስጥ የማይናገር፣ የማይጠይቅ፣ ድምፁ ስም ሲጠራ ብቻ የሚሰማ ተማሪ በየትኛውም ትምህርት ቤት አለ። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች የዚህን ተማሪ ነገር የሚያዩ ሁለት የትምህርት ልማዶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራና በጎንጅ የጸናው የቅኔ ቤት ሥርዓት ነው። ሌላው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ይዞ የመጣው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ነው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት መምህራን ናቸው። መምህርት በደብረ ማርቆስ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ክፍል ኃላፊ ናት። የኔታ በወጣትነታቸው ቅኔ ተምረው፣ ኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው፣ በጉዛምንና በስናን ገጠር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው።

መምህርት፦ ዝም የሚል ተማሪ ሁሉ ችግር አለበት ማለት ይቻላል፣ የኔታ?

የኔታ፦ አይቻልም። እጁን ባያወጣም ዓይኑ ሰሌዳውን የሚከተል፣ ደብተሩ የሞላ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ የሚመጣ ልጅ እየተማረ ነው፤ ዝምታው ጠባዩ ነው። የሚያሳስበው አካሉ ወንበር ላይ ሆኖ ልቡ ክፍል ውስጥ የሌለው ነው። ሁልጊዜ ከኋላ ጥግ ይቀመጣል። ግንባሩን ክንዱ ላይ ያስተኛል። ፈተና ላይ ተሳስቶ ከመጻፍ ባዶ ወረቀት መመለስን ይመርጣል። በዕረፍት ሰዓትም ጓደኛ የለውም። አንድ ቀን አይቶ መፍረድ ግን አይገባም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት መከታተል ያስፈልጋል። ከምንም በላይ የሚያስደነግጠው ደግሞ ለውጥ ነው። ኅዳር ላይ ይስቅ የነበረ ልጅ ጥር ላይ ዝም ካለ፣ በመካከሉ አንድ ነገር ደርሷል።

መምህርት፦ በዚህ አገር ዝምታ የአስተዳደግም ነገር ነው። ትልልቅ ሰዎች ሲበሉ ኩራዝ ይዞ የቆመ፣ ሽማግሌ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የጣለ ልጅ «ጨዋ» ተብሎ ተመስግኖ ያድጋል። ከዚያ ትምህርት ቤት ሲመጣ «ለምን አትናገርም? ለምን ዓይኔን አታይም?» ይባላል።

የኔታ፦ እውነት ነው። መሬት ማየቱን ንቀት ወይም ስንፍና አድርጎ የሚተረጉም መምህር የልጁን አክብሮት ነው የሚቀጣው። እንዲህ ያለው ልጅ አስተዳደጉን እንዲተው አይጠየቅም። ክፍል ውስጥ መናገርም ጨዋነት መሆኑን በግልጽ ማስረዳት ይበቃል፤ «እዚህ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የተማሪ ሥራ ነው» ብሎ። ይህን አንድ ጊዜ ብሎ መተው ግን አይረዳም። በመጀመሪያው ወር በየሳምንቱ መደጋገም አለበት፤ ልጁ ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ዓመት የሰማው ተቃራኒውን ነውና።

መምህርት፦ አስተዳደጉ ካልሆነስ? መምህር ምክንያቱን ከየት ይጀምራል?

የኔታ፦ ከአካል። ብዙ መምህራን ይህን ዘልለው «ሰነፍ»፣ «ተስፋ የቆረጠ»፣ «ክፉ መንፈስ ያደረበት» ወደ ማለት ይሄዳሉ። ጆሮው በልጅነቱ ሲመግል የኖረ ልጅ ግማሹን ቃል ነው የሚሰማው። ያልሰማውን ጥያቄ ሊመልስ አይችልም፤ ሁለት ጊዜ «ምን አሉ?» ብሎ ክፍሉ ከሳቀበት ሦስተኛ አይጠይቅም። የአማራ ክልል በዓለም የዓይን ማዝ፣ ማለትም የትራኮማ ሕመም እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ሰሌዳው የሚደበዝዝበት ልጅም መገልበጥ ሲያቅተው ደብተሩን ይዘጋል። መመርመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁን ብቻውን አስቀርቶ፣ ከበስተ ጀርባው አንድ ክንድ ያህል ርቆ ሁለት ሦስት ቁጥር በሹክሹክታ መናገርና እንዲደግም መጠየቅ፤ ከዚያ ከመጨረሻው ወንበር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን እንዲያነብ ማድረግ። ያልሰማ ወይም ያላየ ከሆነ ዛሬውኑ ፊት ወንበር ይዞ ይቀመጥ፤ ወላጁም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ይነገረው።

መምህርት፦ ለ9ኛ ክፍል ክፍል ኃላፊ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስንቅ ነው። ከአነደድ፣ ከስናን፣ ከማቻከል ገጠር የመጣ ልጅ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፤ የሚበሉት ከቤት የሚላክ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮና ቆሎ ነው። ስንቁ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው፤ አንዳንዱም ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ አገሩ በእግሩ ወጥቶ እሑድ ማታ ተሸክሞ ይመለሳል። ሰኞ ደክሞት ይመጣል። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ስንቁ አልቋል።

የኔታ፦ ስለዚህ ቀኑን መመዝገብ ጥሩ ዘዴ ነው። ሰኞ የሚያንቀላፋ ልጅ መንገድ አድክሞታል። ማክሰኞና ረቡዕ ነቅቶ፣ ሐሙስና ዓርብ ጭንቅላቱን ወንበር ላይ የሚያሳርፍ ከሆነ፣ መጀመሪያ ስለ ሥነ ልቦና ማሰብ አያስፈልግም፤ ምን እንደ በላ ይጠየቅ። ጥያቄው ግን በሰው ፊት አይሁን። የገበሬ ልጅ ኩሩ ነው፤ ርቦኛል ከማለት ፈተና መውደቅ ይቀለዋል። «ምሳ በላህ?» ብሎ ከመጠየቅ «ስንቅ መቼ ይመጣልሃል? ከማን ጋር ነው የምትኖረው?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

መምህርት፦ ሴቶቹ ላይ ሌላም ይጨመራል። አብረዋት የተከራዩት ወንድሞቿ ከሆኑ ውኃ የምትቀዳውም የምታበስለውም እሷ ናት። ወንዶቹ ሲያጠኑ እሷ እሳት ታነዳለች። በወር አበባ ቀናት የምትለውጠው ጨርቅ፣ የምትታጠብበት ቦታ ስለማታገኝ ከወንበሯ መነሣት የምትፈራ ልጅ ሰሌዳ ላይ ሥሪ ብትባል እንዴት ትነሣለች? ከዚያም የጋብቻ ወሬ አለ። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ሆኖም ቤተሰቦቿ ቃል እንደ ተቀባበሉ የሰማች ልጅ ሰኞ ዕለት የምትመለሰው ሌላ ሰው ሆና ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሴት መምህር ለብቻዋ ጠይቃ ካልሆነ አትናገረውም።

የኔታ፦ ይህን ወንድ መምህራን ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነው፤ ጠያቂዋ ሴት ብትሆንም።

መምህርት፦ ቋንቋውም አለ። እስከ 8ኛ ክፍል ብዙውን በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ከአማርኛ በቀር ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ይሆንበታል። ባዮሎጂው ራሱ ከባድ አይደለም፤ ስለ ሥርና ስለ ቅጠል ከመምህሩ በላይ የሚያውቅ ልጅ ነው። መልሱ በአማርኛ አፉ ላይ አለ፤ በእንግሊዝኛ ማዋቀር ስለማይችል ይውጠዋል።

የኔታ፦ መፍትሔው ከደንቡ ጋር አይጣላም። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተነቦ፣ ልጁ በአማርኛ እንዲመልስ ይፈቀድለት፤ ከዚያ መምህሩ ያንኑ መልስ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ይጻፈውና ልጁ ያንብበው። ሐሳቡ የሱ ነው፤ ልብሱን ብቻ ነው የተዋሰው። ከወር በኋላ ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ራሱ መጣል ይጀምራል። በመጀመሪያው ቀን ሰዋስው የሚያርም መምህር ግን ይህን በር ይዘጋዋል።

መምህርት፦ በዝምታው ላይ ዝምታ የሚጨምሩ ሌሎች ልማዶችም አሉ። የመጀመሪያው «እስቲ አንተ፣ የተኛኸው፣ ተነሥ!» የሚለው ነው።

የኔታ፦ ያ ጥያቄ አይደለም፤ ቅጣት ነው። ልጁ መልሱን ቢያውቅ እንኳ በዚያ ሰዓት ይጠፋበታል። ሁለተኛው አርጩሜ ነው። ድሮ በቄስ ትምህርት ቤትም በአስኳላም ልጅ ሲገረፍ ኖሯል። ይህን መደባበቅ አይገባም፤ ብዙ ልጆች ፊደልን ሳይሆን ዱላን ፈርተው ጠፍተዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ሦስተኛው ማወዳደር ነው፤ «ወንድምህ እኮ አንደኛ ነበር» ማለት። ዝም ያለን ልጅ በሰው ፊት አጋኖ ማመስገንም ይጎዳዋል። ሰው እንዳያየው የሚሸሽን ልጅ ድንገት የስልሳ ልጅ ዓይን ቢያፈጥበት ምስጋናው ራሱ ያሸማቅቀዋል። ምስጋናው ደብተሩ ላይ በጽሑፍ፣ ወይም በር ላይ ሲያልፍ ዝቅ ባለ ድምፅ ቢሆን ይሻላል፤ «ጎበዝ» ብሎ በደፈናው ከማለፍ ይልቅ «ሦስተኛውን ጥያቄ የሠራህበት መንገድ ልክ ነው» ቢለው ልጁ ምን እንዳደረገ ያውቃል።

መምህርት፦ መምህሩ ዝም ማለት የሚገባው ጊዜም አለ ይባላል።

የኔታ፦ ከጠየቀ በኋላ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በብዙ ክፍሎች የተቀዳ ድምፅ አዳምጣ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ አሳይታለች። መጠበቂያውን ወደ ሦስት ሰከንድ ማስረዘም የለመዱ መምህራን ክፍል ውስጥ መልሶቹ ረዘሙ፤ «አላውቅም» የሚለውና ዝምታው ቀነሰ፤ ደካማ ይባሉ የነበሩ ተማሪዎችም መናገር ጀመሩ። ሦስት ሰከንድ አጭር ይመስላል። ክፍል ፊት ለቆመ መምህር ግን ረጅም ነው፤ ፊት የተቀመጡት ሁለት ሦስት ጎበዞች እጃቸውን አውጥተው «ቲቸር! ቲቸር!» ሲሉ መታገሥ ይጠይቃል። በልቡ እስከ አምስት ይቁጠር። ጥያቄው ለሁሉም እንዲሆን ስም ከመጥራቱ በፊት ይጠይቅ፤ ይጠብቅ፤ ከዚያ ይጥራ።

መምህርት፦ ሦስት ሰከንድ ፈሪውን ልጅ አያስነሣውም እኮ፣ የኔታ። ጊዜ ቢሰጠውም የሚፈራው ክፍሉን ነው።

የኔታ፦ ለዚህ ነው የቅኔ ቤት ሥርዓት መጠናት ያለበት። ስለ ቅኔ ቤት ሲነገር ደበሎውና አኩፋዳው፣ ውሻውና ልመናው ይነገራል፤ የማስተማር ዘዴው ግን አይነገርም። ተማሪው ግስና አገባብ ከያዘ በኋላ መጀመሪያ የሚሰጠው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ዘንድ የሚደርሰው ስንት ደረጃ ወጥቶ ነው። ሁለት ቤቷን ለመሥራት ከሰው ተለይቶ፣ ዛፍ ሥር ወይም መቃብር ቤት አጠገብ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። በዚያ ሰዓት ማንም «ለምን ብቻህን ተቀመጥህ? ለምን አትናገርም?» አይለውም፤ ዝምታው የሥራው ክፍል ነውና። ቆጠራ ይባላል። ቀጥሎ የሠራውን የሚነግረው ለጉባኤው ሁሉ ሳይሆን ለአስነጋሪው ነው፤ አስነጋሪ ከሱ ጥቂት ቀድሞ የሄደ ተማሪ ነው። አስነጋሪው ይሰማዋል፤ የዘነበለውን ያቃናዋል። ነገራ ይህ ነው። ጉባኤው ፊት የሚቆመው ከዚያ በኋላ፣ የሚናገረው በእጁ ሲሆንና ቢያንስ አንድ ሰው ሰምቶ «ይሄዳል» ሲለው ነው።

መምህርት፦ እንዲህ ከሆነ ዘመናዊው ክፍል የዘለለው መካከለኛውን ደረጃ ነው። ልጁ ወይ ለብቻው ዝም ይላል፣ ወይ በአንድ ጊዜ ለሰባ ሰው ይናገራል። በሁለቱ መካከል አስነጋሪ የለውም።

የኔታ፦ አዎን፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወደ ክፍል ሲመጣ እንዲህ ይሆናል። መምህሩ ይጠይቅና ሁለት ደቂቃ ሁሉም በደብተሩ ላይ ዝም ብሎ ይጻፍ፤ ይህ ቆጠራው ነው። ከዚያ እያንዳንዱ የጻፈውን ወንበር ለሚጋራው አንድ ጓደኛ ይንገር፤ ጓደኛው አስነጋሪው ነው። በሦስተኛው ላይ ጥንዶች ለክፍሉ ይናገሩ። መጀመሪያ ላይ ፈሪው ልጅ የራሱን ሳይሆን የጓደኛውን ሐሳብ እንዲናገር ማድረግ ይጠቅማል፤ ቢሳሳት የሚሳቀው በሱ አይደለም። ከሳምንታት በኋላ የራሱን ከወረቀት ያንብብ። ከዚያ ያለ ወረቀት ይናገር። አሜሪካውያን መምህራን እ.ኤ.አ. በ1981 ፍራንክ ላይማን የሚባል መምህር ካስተዋወቀው ወዲህ «አስብ፣ ተጣመር፣ አካፍል» እያሉ የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ለጎጃም መምህር ግን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከአጥሩ ማዶ ባለው ጎጆ ሲሠራበት ኖሯል። ሐዲስ ዓለማየሁ በዲማና በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማሩት በዚህ ሥርዓት ነው።

መምህርት፦ አንድ ነገር ልቃወም ይፈቀድልኝ። ቅኔ ቤት የሚሄደው ወዶ ነው፤ አገር አቋርጦ፣ ለምኖ በልቶ የሚማር ልጅ ፍላጎት አለው። ያልሆነለት ደግሞ ማንም ሳያየው ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዛሬው መምህር ግን ፈቃድ የሌለውን ልጅም ይዞ መቀጠል አለበት።

የኔታ፦ ልክ ነሽ፣ ልጄ። ቅኔ ቤት የቀሩትን አይቆጥርም። ዘዴው ለፈሪው ይሠራል፤ ፍላጎት ላጣው ብቻውን አይበቃውም። ፍላጎት ማጣትም ከስንፍና ይለያል። ማርቲን ሰሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጡት ጥናት፣ ምንም ቢያደርጉ ሊያመልጡት የማይችሉት ሕመም የደረሰባቸው ውሾች፣ ኋላ ማምለጫው ሲከፈትላቸው እንኳ አብዛኞቹ ሳይሞክሩ ተኝተው ቀሩ። ሕመሙን ማስቆም በእጃቸው እንዳልሆነ ተምረውታል። አራት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ሲወድቅ የኖረ ልጅም እንደዚያው ነው፤ ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን መሞከር ዋጋ እንደሌለው ተምሮ ነው።

መምህርት፦ ከክፍሉ ውጭ የሚያየውም ያንኑ ያስተምረዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ነበር፤ በ2015 ደግሞ 3.2። ይህን የሰማ የ9ኛ ክፍል ልጅ «ከመቶ ሦስት ከሆነ እኔ ከየት እገባለሁ?» ይላል። ታላቅ ወንድሙ ተመርቆ ሥራ አጥቶ እቤት ተቀምጧል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ ዓመት፣ ከዚያም በላይ አቋርጦ የተመለሰው ልጅ ከታናናሾቹ ጋር ተቀምጧል። አንዳንዱ ያየውን አይናገርም።

የኔታ፦ ለእንዲህ ያለው ልጅ «ጠንክር፣ ትልቅ ሰው ትሆናለህ» ማለት ባዶ ነው። የሚጠቅመው ዛሬ የሚሠራው፣ ነገም ሠርቶት የሚያየው ትንሽ ነገር ነው። ሒሳብ ላይ 9ኛ ክፍል ደርሶ ክፍልፋይ የማያውቅ ከሆነ፣ ሁለት ሳምንት ክፍልፋይ ይሥራ፤ ሌላው ትምህርት ቢያልፈውም። ዐሥር ጥያቄ ተሰጥቶት ስምንቱን ልክ ያገኘ ልጅ ዘጠነኛውን ይሞክራል። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ለዚህ ቢውል መልካም ነበር፤ ብዙ ቦታ ግን ውጤት መሙያ ሆኖ ቀርቷል። ልጁ ከክፍሉ ጋር ሳይሆን ከራሱ የባለፈው ወር ወረቀት ጋር ይመዘን። ምርጫም ይሰጠው፤ «ከነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሁለቱን ምረጥ» ማለት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ምንም ነገር በእጄ አይደለም ለሚል ልጅ ግን ትልቅ ነው።

መምህርት፦ ሽልማትስ? ደብተር፣ እስክሪብቶ መስጠት?

የኔታ፦ ደብተር ለሌለው ደብተር መስጠት ሽልማት ሳይሆን ዕርዳታ ነው፤ ሳይዘገይ ይሰጠው። እንደ ማባበያ ከሆነ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 እንዳሳየው፣ እንቆቅልሽ ለመፍታት ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም በራሳቸው ፈቃድ እንቆቅልሹ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ ቀነሰ። ልጁን የሚስበው የሚያውቀው ነገር ትምህርት ውስጥ ሲገባ ነው። ውርጭ ገብሱን መቼ እንደሚመታው የሚያውቅ የጮቄ እረኛ ስለ ሙቀትና ስለ ጤዛ ሲነሣ የሚለው አለው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚወጣው ከዚያ ተራራ የሚፈልቁ ምንጮች ወደ ዓባይ እንደሚገቡ ጂኦግራፊ ላይ ሲነገር፣ ምንጩን በስሙ የሚጠራ ልጅ ኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሆናል። መምህሩ «ከስናን የመጣ አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ልጁ መልስ ለመመለስ ሳይሆን ለማስረዳት ይነሣል።

መምህርት፦ አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች አደረጃጀት ለዚህ ሊያገለግል ይችል ነበር። አሠራሩ ላይ ግን መሪው ጎበዝ ተማሪ ነው፤ የሚጽፈውም የሚናገረውም እሱ ነው፤ ሌሎቹ ስማቸውን ያስመዘግባሉ። ዝምተኛው ተማሪ መደበቂያ አገኘ ማለት ነው።

የኔታ፦ ተናጋሪው በየሳምንቱ ይዘዋወር። አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ አንዱ ይጠይቅ። ለዝምተኛው መጀመሪያ የሚሰጠው ሥራ እጅ የሚጠይቅ እንጂ አፍ የሚጠይቅ አይሁን፤ ካርታ መስቀል፣ ደብተር መሰብሰብ፣ የቤተ ሙከራ ዕቃ ማቅረብ። ሥራ ያለው ልጅ ከትምህርት ቤት አይቀርም፤ ቢቀርም ይፈለጋል። ከዚያ ቀስ በቀስ ሥራው ቃል እንዲጠይቅ ይደረጋል፤ ደብተር ያልመለሱትን ስም ማንበብ፣ የተለካውን ቁጥር መናገር።

መምህርት፦ ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ ነው። ክፍሉ ውስጥ ስልሳና ሰባ ተማሪ አለ፤ መምህሩም በሳምንት ብዙ ክፍል ይገባል።

የኔታ፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም፤ የሚሞክር ይሰለቻል። በትንሽ ማስታወሻ በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ስም ብቻ ይያዝ። ለነዚያ ሦስት ልጆች በየቀኑ አንዲት ቃል፤ ስለ ትምህርት መሆን የለባትም። «ዝናቡ መንገዱን አበላሸው? አባትህ ጤፉን አጨደ?» ሁለቱን ሳምንት ያንን ብቻ ማድረግ፤ ምንም ጥያቄ አለመጠየቅ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ኋላ ወንበር ያለው ሁሉ ተዳርሷል።

መምህርት፦ ወላጅን ትምህርት ቤት ማስጠራት ይሻላል?

የኔታ፦ «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቃል ለገበሬ ልጅ የክስ መጥሪያ ነው፤ አባቱም የአንድ ቀን እርሻ አቋርጦ ይመጣል፤ ይናደዳል። ቅዳሜ ግን ገበያ ይወጣል። ገበያ ላይ ወይም ስንቅ ሊያደርስ ሲመጣ ያገኘ መምህር ብዙ ይረዳል። ንግግሩ በልጁ መልካም ነገር ይጀምር፤ እውነተኛ መልካም ነገር መፈለግ አለበት። ከዚያ ጥያቄው «ልጅዎ ለምን ሰነፈ?» ሳይሆን «ቤት ውስጥ እንዴት ነው? ይናገራል? ይጫወታል?» ይሁን። የዚህ መልስ ከሁሉ ይበልጣል።

መምህርት፦ ቤት ውስጥ የሚጫወት፣ ትምህርት ቤት ግን አንድ ቃል የማይወጣው ልጅ ካለስ?

የኔታ፦ ያ የታወቀ ሕመም ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት ዓመት ዕድሜ በፊት የሚጀምር የጭንቀት ዓይነት። ልጁ እምቢተኛ አይደለም፤ ሊናገር ፈልጎ ጉሮሮው ይዘጋበታል። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ሐኪም ማየት አለበት፤ የትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ወር ግን አይቆጠርም፤ በዚያ ወር ብዙ ልጅ ይፈራል። ቤትም ትምህርት ቤትም ዝም ያለ፣ የማይበላ፣ የማይተኛ፣ ይወደው የነበረውን የተወ ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። ልቡ ታሟል። መሞትን ካነሣ፣ በቀልድም ቢሆን፣ ያን ቀን ብቻውን አይተው፤ ለቤተሰቡ ይነገር፤ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይሂድ። ቤተሰቡ ጠበል መውሰድ ቢፈልግ ይውሰዱት፤ መምህር ያንን መቃወም ሥራው አይደለም። ሕክምናውን እንዳያስቀሩ ግን አጥብቆ ይለምናቸው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

መምህርት፦ እንዲህ ያለውን ለመስማት ጸጥ ያለ ቦታና ጊዜ ያስፈልጋል። ክፍል ኃላፊ ግን ሥራው በወረቀት ላይ ያለ ነው፤ ስም መጥራት፣ ካርድ መሙላት፣ ክፍያ መሰብሰብ። ልጁን ለብቻው የሚያናግርበት ሰዓት በፕሮግራሙ የለም፤ የሚያናግረው በዕረፍት፣ በረንዳ ላይ፣ ሌሎች ተማሪዎች ቆመው እያዩ ነው።

የኔታ፦ እንግዲህ ይህን ርዕሳነ መምህራን ይስሙ። የ9ኛ ክፍል ክፍል ኃላፊ ሁሉ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ከማስተማር ነጻ ይሁን፤ አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበርና የሚዘጋ በር ይሰጠው። ፕሮግራሙ የሚወጣው መስከረም ላይ ነው፤ ሳይወጣ ይታሰብበት።